የይስሐቅ እጅና የቶማስ እጅ፤ በሕዋሳት ስለማይደረስበት አምላክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የንስሐ ልጄ፣ የአንድ ልጇ የዐርባ ቀን መታሰቢያ በተፈጸመ ማግስት፣ ወደ እኔ መጣች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ያደገች፣ አጽዋማትን ሁሉ የምትጾም፣ ኪዳን ሳታስደርስ ወደ ሥራዋ የማትሄድ ሴት ናት። ተቀምጣ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ እንዲህ አለችኝ፤ «አባቴ፤ ልጄ ታሞ በተኛበት ጊዜ ሌሊቱን ሁሉ እጁን ይዤ አድር ነበር። ትኵሳቱን በእጄ አውቀው ነበር፤ በመጨረሻም ሲቀዘቅዝ በእጄ ዐወቅሁ። እግዚአብሔርን ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስጠራው ኖሬ፣ እጁ ሞቆም ሆነ ቀዝቅዞ አንድ ቀን አልዳሰሰኝም። እንዳለ በምን ልወቅ?»

እኔም ከልማድ የተነሣ በአፌ ላይ የነበረውን መልስ ቸኵዬ ሰጠኋት። ነፋስም አይታይም፤ ነገር ግን አለ፤ እግዚአብሔርም እንዲሁ ነው አልኋት። እርሷም ቀና ብላ አየችኝና፣ «አባቴ፤ ነፋስማ ፊቴን ይመታኛል» አለችኝ።

በፈቃዷ፣ ስሟን ሳልጠቅስ፣ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይህ ቃሏ ነው፤ እውነቷን ነበረና። የነፋሱ ምሳሌ በየዐውደ ምሕረቱ ሲነገር የኖረ ነው። ኀዘን ያልደረሰበት ሰው ሲሰማው ራሱን ነቅንቆ ያልፋል፤ እኛም መምህራን ጥያቄው የተመለሰ ይመስለናል። ነገር ግን ነፋስ በዐይን ባይታይም በዦሮ ይሰማል፤ በቆዳም ይዳሰሳል። ከዐይን ወደ ቆዳ የተሻገረ ሰው ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው ዞረ እንጂ ከሕዋሳት ክልል አልወጣም። ሌላውም የተለመደ ምሳሌ፣ ይኸውም «አእምሮህን አይተኸው ታውቃለህን?» እያሉ ጠያቂውን ዝም ማሰኘት፣ ከዚህ የሚሻል አይደለም። ዝም ማሰኘትና ማሳመን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ያች እናት የሚበቃ መልስ ሳታገኝ ሄደች፤ እኔም አፍሬ ወደ መጻሕፍት ተመለስሁ። ከዚያ ያገኘሁትን፣ በአገልግሎት ለሚደክሙ ወንድሞቼና ይህንኑ ጥያቄ በልባቸው ይዘው በአፋቸው ለመናገር ለሚፈሩ ምእመናን እነሆ አቀርባለሁ።

አስቀድሞ ስለ ሕዋሳት እንናገር። ዐይን፣ ዦሮ፣ አፍንጫ፣ ምላስና እጅ፣ አምስቱ ሕዋሳት፣ የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው። ሥጋንና ግዙፉን ዓለም የሚንቁ እንደ ማኒ ያሉ መናፍቃን ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ግን እነርሱን አውግዛለች እንጂ አልተቀበለቻቸውም። ስለዚህ ማንም ሰው ስለ እምነት ለማስተማር ብሎ ሕዋሳትን የሐሰት መሣሪያዎች አድርጎ ቢነቅፍ፣ ሳያውቀው የማኒን ነገር ይናገራል። ይሁን እንጂ ለእያንዳንዱ ሕዋስ ወሰን ተሠርቶለታል። ዐይን ድምፅን አያይም፤ ዦሮ የማርን ጣዕም አይሰማም፤ ይህ ወሰኑ ነው እንጂ ጕድለቱ አይደለም። በተሠራለትም ክልል ውስጥ ቢሆን ሁሉን አይጠቀልልም። የሰው ዦሮ በአንድ ሴኮንድ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ የሚርገበገበውን ድምፅ አይሰማም፤ በደጃችን የታሰረው ውሻ ግን ይሰማዋል።

ሕዋሳት ወሰን ያላቸው ብቻ ሳይሆኑ በወሰናቸውም ውስጥ ሊታለሉ እንደሚችሉ ቅዱስ መጽሐፍ በአንድ ታሪክ አጥብቆ ያስረዳል። ይኸውም በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 27 የተጻፈው የይስሐቅ ታሪክ ነው። ይህን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ያዕቆብና ስለ ርብቃ ብልሃት ሲነገር ሰምተነዋል፤ ስለ አምስቱ ሕዋሳት ሲነገር ግን እኔ በበኩሌ ብዙም አልሰማሁም።

ይስሐቅ ሸምግሎ ዐይኖቹ ፈዝዘው ነበር፤ እንግዲህ ከአምስቱ አንዱ አስቀድሞ ከሥራ ወጥቶአል። የቀሩትን አራቱን ግን እንደ ጠንቃቃ ዳኛ እያንዳንዳቸውን ለምስክርነት ጠራቸው። ልጁን ወደ እኔ ቅረብና ልዳስስህ አለው፤ ዳሰሰውም። እጁ ግን የዳሰሰው በያዕቆብ እጆችና በአንገቱ ላይ የተደረገውን የጠቦት ቆዳ ነበር፤ ጠጕራም ሆኖ ስላገኘው ዔሳው ነው ብሎ ፈረደ። ምላሱ የአደን ሥጋ የቀመሰ መሰለው፤ የቀመሰው ግን ከቤት መንጋ የታረዱትን ጠቦቶች ነበር። አፍንጫውም የዔሳውን ሽታ አሸተተ፤ ልብሱ በእርግጥ የዔሳው ነበርና አፍንጫው ያሸተተውን በትክክል ተናገረ፤ ልብሱን የለበሰው ሰው ግን ሌላ ነበር። እንዲህ ሦስቱ ምስክሮች፣ እጅ፣ ምላስና አፍንጫ፣ በአንድ ቃል ተስማምተው ተሳሳቱ።

አንዱ ምስክር ብቻ እውነቱን ተናገረ፤ እርሱም ዦሮ ነው። ይስሐቅ ድምፁ የያዕቆብ እንደ ሆነ ለይቶ ዐውቆ በአፉ ሳይቀር ተናግሮታል፤ ነገር ግን ሦስቱ በአንዱ ላይ በረቱበትና እጁን አምኖ ዦሮውን ተወ። እዚህ ላይ አንባቢው ቆም ብሎ እንዲያስብ እለምናለሁ። የይስሐቅ ስሕተት ከመረጃ ማነስ የመጣ አልነበረም። ዳስሶአል፣ ቀምሶአል፣ አሽትቶአል፤ በእጁ መካከል አስገብቶ ይዞታል። «በእጄ ካልዳሰስሁ አላምንም» የሚል ሰው ሁሉ የሚፈልገውን ያህል አግኝቶአል። የያዘውን ሰው ማንነት ግን አላወቀም። (በረከቱ ለታናሹ መሆኑ አስቀድሞ በእግዚአብሔር የተነገረ ስለ ነበረ ነገሩ ከፈቃዱ አልወጣም፤ ያዕቆብና ርብቃ በዚህ ስላደረጉት የሚነሣውን ክርክር ግን ለትርጓሜ መምህራን እንተወዋለን።)

ከዚህ ተነሥተን ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ በምዕራፍ 10፣ እምነት ከመስማት እንደሚገኝ ለምን እንዳስተማረ እንረዳለን። ዦሮ ከሕዋሳት ሁሉ ስለሚበልጥ ነውን? አይደለም። ዦሮም ይታለላል፤ ሔዋን የጠፋችው በዦሮዋ ነው። ነገር ግን ዐይንና እጅ ነገርን ያቀርባሉ፤ ዦሮ ግን ሰውን፣ ማለት የሚናገረውንና የሚመሰክረውን፣ ያቀርባል። በዐይኔ ያየሁትን ነገር ራሴ እፈርድበታለሁ፤ የሰማሁትን ግን የምቀበለው ተናጋሪውን በማመን ነው። ሔዋን የእባቡን ቃል ተቀብላ ወደቀች፤ እመቤታችን የገብርኤልን ቃል ተቀብላ ፀነሰች። በሁለቱም ዘንድ ዦሮ አለ፤ የተለያየው የታመነው ተናጋሪ ነው።

ይህን የመሰለው መታመን ደግሞ የመነኮሳትና የባሕታውያን ብቻ አይደለም፤ ሰው ሁሉ የሚኖርበት ነው። ከእኛ መካከል የጥምቀቱን ቀን የሚያስታውስ ማን ነው? ወንዱ በ40 ቀን፣ ሴቷ በ80 ቀን ወደ ጥምቀት ስትቀርብ፣ ውኃው ቀዝቃዛ መሆኑን እንጂ ሌላውን አላወቅንም፤ እርሱንም ረስተነዋል። ዛሬ በቍርባን ጊዜ የምንጠራበትን የክርስትና ስም የሰማነው ከወላጆቻችንና ከክርስትና አባቶቻችን ወይም ከክርስትና እናቶቻችን አፍ ነው። የወለደችን እናት ወላጃችን መሆኗን እንኳ ያወቅነው በማየት አይደለም፤ ተነግሮን ነው፤ ከተነገረንም በኋላ በፍቅሯ ኖረንበት አረጋገጥነው።

በቅኔ ቤት ሳለሁ መምህራችን ዐይነ ስውር ነበሩ። እንዲህ ያሉ መምህራን በአገራችን የአብነት ትምህርት ቤቶች እንግዳ አለመሆናቸውን አንባቢ ያውቃል። ከእኛ ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ትንሽ ደፋር የነበረ፣ አንድ ቀን በትራቸውን ይዞ ሲመራቸው፣ «የኔታ፤ አይተውት የማያውቁትን መጽሐፍ እንዴት አድርገው ያርሙናል?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ሳይቈጡ፣ «ካዩት ሰምቼ ነዋ» አሉት፤ ጥቂትም ከተራመዱ በኋላ፣ «አንተ አይተኸው ትሳሳታለህ» አሉት። እኛ ሳቅን፤ ነገሩ ግን ከሣቁ ይልቅ ከእኔ ጋራ ቈየ።

በጥንቱም ዘመን በእስክንድርያ የነበረው መምህር ዲዲሞስ በአራት ዓመቱ ዐይኑን አጥቶ ሳለ በመስማት ብዛት መጻሕፍትን ተምሮ የታላቁ ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ነበር። አባታችን እንጦንስ ወደ እስክንድርያ በመጣ ጊዜ አግኝቶት፣ ትንኝና ጕንዳን እንኳ ያላቸውን ዐይን በማጣቱ እንዳያዝን፣ መላእክት እግዚአብሔርን የሚያዩበትን ዐይን ስላገኘ ይልቁን ደስ እንዲለው እንዳጽናናው ተጽፎአል። ዲዲሞስ ማለት መንታ ማለት ነው፤ ይህም ስም የሐዋርያው የቶማስ ስም ነው። አንዱ ዲዲሞስ ካላየሁ አለ፤ ሌላው ዲዲሞስ ከቶ ሳያይ አስተማረ። ወደ ቶማስ በኋላ እንመለሳለን።

አሁን ደግሞ ከውጭ ስለሚመጣው ክርክር ጥቂት እንበል። በ1953 ዓ.ም. ሚያዝያ 4 ቀን (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1961) የሶቪየት ኅብረቱ ዩሪ ጋጋሪን በመንኰራኵር ወደ ጠፈር ወጥቶ ምድርን አንድ ጊዜ ዞሮ በ108 ደቂቃ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ «ወደ ሰማይ ወጣሁ፤ እግዚአብሔርን ግን አላየሁም» አለ እየተባለ በየአገሩ ተወራ። ይህ ቃል በበረራው ጊዜ ከተቀዳው ንግግሩ ውስጥ አይገኝም፤ ራሱም በሕፃንነቱ በኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀ ሰው ነበር። ይህን የመሰለ ነገር በግልጽ የተናገረው ከእርሱ ቀጥሎ ምድርን የዞረው ጌርማን ቲቶቭ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካ አገር ሲያትል በምትባለው ከተማ ተጠይቆ እግዚአብሔርንም መላእክትንም እንዳላየ ተናግሮአል። በእኛም አገር በደርግ ዘመን በየውይይት ክበቡ ይኸው ነገር እንደ ማስረጃ ይጠቀስ ነበር።

እኔ ግን ቲቶቭን ልነቅፈው አልወድም፤ እውነትን ተናግሮአልና። የሚያስፈራውስ አይቼዋለሁ ብሎ ቢመለስ ነበር። ከምድር በላይ 300 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በመስኮት የሚታይ አምላክ ቢገኝ፣ ያ አምላክ በዚያ ስፍራ ያለ፣ በሌላ ስፍራ የሌለ፣ ወርድና ቁመት ያለው አንድ ፍጡር በሆነ ነበር፤ እኛም ከሰማይ በታች ካሉ ፍጥረታት ሁሉ ልንሰግድለት ባልተገባን ነበር።

ስሕተቱ ያለው እግዚአብሔርን ገና ካልተገኙት ነገሮች ጋራ በአንድ ተራ ማቆም ላይ ነው። በዓለም ብዙ የተሰወሩ ነገሮች ነበሩ፤ በኋላም ተገኙ። በዐይን የማይታዩትን ጥቃቅን ሕያዋን በ1670ዎቹ የሆላንዱ ሰው ሌዌንሁክ በመነጽር አያቸው። አልበርት አይንስታይን በ1916 ይኖራል ብሎ በስሌት የተናገረለት የስበት ሞገድ ከ99 ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ በመሣሪያ ተደረሰበት። እነዚህ ቀጭን መሣሪያ እስኪሠራ ድረስ የሚጠብቁ ነበሩ። እግዚአብሔር ግን የተሻለ መነጽር የሚጠብቅ አይደለም። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318 ሊቃውንት በደነገጉት ጸሎተ ሃይማኖት የሚታየውን ብቻ ሳይሆን የማይታየውንም ፍጥረት የፈጠረ አንድ አምላክ እንዳለ መስክረዋል። ይህን በየቀኑ እንደግመዋለን፤ ነገር ግን ምን ያህል እንደሚያስረዳን ልብ አንልም። ፍጥረታት በሁለት መዝገብ ተጽፈዋል፤ ግዙፋኑና የሚታዩት በአንዱ፣ መላእክትና የሰው ነፍስን የመሰሉ ረቂቃኑ በሌላው። እግዚአብሔር በመጀመሪያውም በሁለተኛውም መዝገብ ላይ አልተጻፈም፤ ሁለቱን የጻፈ እርሱ ነው እንጂ። ረቂቅ ነው ስንልም እንደ ነፋስ የሳሳ ነው ማለታችን አይደለም፤ ከረቂቃንም ይልቅ ረቂቅ፣ በሁሉም የመላ፣ በምንም የማይወሰን ነው ማለታችን ነው። አባ ሕርያቆስ በቅዳሴ ማርያም ቁመቱና ወርዱ ስለማይለካው፣ ዙሪያው ስለማይታወቀው አምላክ አስቀድሞ ከተናገረ በኋላ በድንግል ማኅፀን ስለ ማደሩ እየተደነቀ የሚናገረው ስለዚህ ነው።

ነገሩን ለሕፃናት ሳስረዳ የምጠቀምበት ምሳሌ አለኝ። በገዳማቶቻችን ካሉት የብራና መጻሕፍት አንዱን ብንወስድና ፊደላቱን አንድ በአንድ ብንቈጥር፣ ቀዩንም ጥቍሩንም ቀለም ብንመረምር፣ ቍም ጸሓፊውን ከፊደላቱ መካከል አናገኘውም። ስለዚህ ጸሓፊ የለም ልንል ነውን? ከእጁ ያልወጣ አንድ ሠረዝ እንኳ በመጽሐፉ የለም። አንዳንድ ጊዜ ግን ጸሓፊው በመጨረሻው ገጽ ስሙን ያኖራል፤ አንባቢውም በጸሎቱ እንዲያስበው ይለምናል። ያን ጊዜ በገዛ መጽሐፉ ውስጥ፣ በገዛ ፊደሉ፣ በተነበበ ስም ይገኛል። ምሳሌ ሁሉ ጐደሎ ነው፤ ይህም ጐደሎ ነው፤ ነገር ግን ወደ ሥጋዌ ነገር ያደርሰናል።

ሙሴ ክብርህን አሳየኝ ብሎ ለመነ፤ የእግዚአብሔርን ፊት አይቶ በሕይወት የሚኖር ሰው እንደሌለ ተነገረው፤ በዓለቱም ስንጥቅ ቆሞ የኋላውን ብቻ አየ (ዘጸ. 33፥18-23)። ወንጌላዊው ዮሐንስም እግዚአብሔርን ያየ አንድ ስንኳ እንደሌለ ከተናገረ በኋላ አንድያ ልጁ እንደ ተረከው ይናገራል (ዮሐ. 1፥18)። ይኸው ዮሐንስ በመጀመሪያዪቱ መልእክቱ መግቢያ ስለ ሕይወት ቃል ሲመሰክር የሰማነው፣ በዐይናችን ያየነው፣ በእጃችን የዳሰስነው እያለ ሕዋሳትን እየቈጠረ ይናገራል። እንግዲህ የእኛ ሃይማኖት ከቶ ያልታየና ያልተዳሰሰ አምላክ ሃይማኖት አይደለም። በባሕርዩ የማይታየው በፈቃዱ ሥጋን ተዋሕዶ ታየ፤ የማይዳሰሰው ተዳሰሰ። እኛ ባናይ፣ ያዩ አሉ፤ የኔታ እንዳሉት፣ ካዩት ሰምተናል።

አሁን ወደ ቶማስ እንመለስ። ስለ ትንሣኤው ከዐሥሩ ወንድሞቹ በሰማ ጊዜ የችንካሩን ምልክት ሳያይ፣ እጁንም በጎኑ ሳያገባ እንደማያምን ተናገረ። ከስምንት ቀን በኋላ ጌታ ደጁ ተዘግቶ ሳለ መጣ፤ ቶማስንም በተናገረው ቃል መሠረት ጠራው፤ ጣቱን እንዲያመጣ፣ እጁንም በጎኑ እንዲያኖር። በዳግም ትንሣኤ እሑድ የሚነበበው ይህ ወንጌል ነው። ወንጌላዊው ጥሪውንና የቶማስን ምስክርነት ጽፎአል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን መዳሰስ ግን አልተረከም፤ ብዙ አባቶች ዳሰሰ ብለው ተርጕመዋል። ዳሰሰ ብንል፣ ጣቱ ያገኘው ምንድን ነው? የቍስል ስፍራ ነው። በአፉ የመሰከረው ግን ጌታውና አምላኩ መሆኑን ነው። ያ ሥጋ በተዋሕዶ የቃል ሥጋ ነውና የዳሰሰው በእርግጥ እግዚአብሔርን ነው፤ አምላክ መሆኑን የነገረችው ግን ጣቱ አይደለችም። ቍስልን ዳስሶ አምላክነትን መመስከር ከጣት የሚመጣ ዕውቀት አይደለምና።

ለዚህ ማረጋገጫ የሚሆነው፣ ጌታን የዳሰሱት ሁሉ ያላመኑ መሆናቸው ነው። በሊቀ ካህናቱ ግቢ በጥፊ የመቱት ሰዎች እጃቸው ነክቶታል። ይሁዳ በከንፈሩ ስሞታል፤ ከዚያ የቀረበ መዳሰስ ምን አለ? ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት የልብሱን ጫፍ በነካች ቀን ብዙ ሕዝብ ያጋፋው ነበር፤ ደቀ መዛሙርቱም ሕዝቡ እየተጋፋህ ማን ነካኝ ትላለህን ብለው እስኪደነቁ ድረስ (ማር. 5፥24-34)። በዚያ ቀን ትከሻቸው ትከሻውን የነካ ስንት ሰዎች ነበሩ! ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ነካነው ሊሉ ይችላሉ፤ ኀይል የወጣው ግን ወደ አንዲቱ ብቻ ነው፤ እርሷም የነካችው ሥጋውን ሳይሆን ልብሱን ነበር። ያች የንስሐ ልጄ «አልዳሰሰኝም» ባለችኝ ጊዜ ልነግራት ይገባኝ የነበረው የነፋስን ነገር ሳይሆን የዚህችን ሴት ነገር ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ምሥጢር በሥርዓቷ እንዴት እንደምታስተምር ስናይ እንደነቃለን። በአንድ በኩል ሕዋሳትን ሁሉ ትጠራለች፤ ለዐይን ሥዕልን፣ ለአፍንጫ ዕጣንን፣ ለዦሮ ከበሮንና ጸናጽልን፣ ለእጅና ለከንፈር መስቀልን፣ ለምላስ ቅዱስ ቍርባንን ትሰጣለች። በሌላ በኩል ደግሞ መጋረጃ ትጋርዳለች። ከቅኔ ማሕሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ በሄድን ቍጥር የሚታየው እየቀነሰ፣ የሚገባውም ሰው እያነሰ ይሄዳል። ታቦቱ ለጥምቀት ከመንበሩ ወጥቶ በካህኑ ራስ ላይ ሲሄድ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ ነው። ከገጠር ከሌሊት ጀምረው ተጕዘው የመጡ ሽማግሌዎች በአፈር ላይ ወድቀው ይሰግዱለታል፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ አንድ ቀን አላዩትም፤ እንዲገለጥላቸውም አይጠይቁም። ይህን የተመለከተ እንግዳ ሰው ሞኝነት ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ሕዝባችን ያለ ፍልስፍና መጽሐፍ የተማረው ታላቅ ትምህርት ይህ ነው፤ የከበረ ነገር በመሸፈኑ እንደማይጠፋ ያውቃል። በቅዱስ ቍርባንም ጊዜ ምላስ የእንጀራንና የወይንን ጣዕም ይናገራል፤ ዦሮ ግን አማናዊ ሥጋውና ደሙ መሆኑን ይሰማል፤ አፍም አሜን ይላል። እዚህ ላይ ይስሐቅ የተወው ዦሮ ፍርዱን መልሶ ያገኛል።

እስካሁን የተናገርነው ለአእምሮ ይበቃ ይሆናል። ለዚያች እናት ግን ገና አይበቃም፤ የእርሷ ጥያቄ የአእምሮ ብቻ አልነበረምና። ብዙ ምእመናን እግዚአብሔር እንዳለ አይጠራጠሩም፤ የሚያስጨንቃቸው በጸሎት ጊዜ ልባቸው ድንጋይ መሆኑ፣ በቅዳሴ ጊዜ ሌላው ሲያለቅስ እነርሱ ምንም አለመሰማታቸው ነው። ጎረቤታቸው በሕልም እንዳየች፣ ሌላዋ መዓዛ እንደ ሸተታት ሲነገር ይሰማሉ፤ እኔ ግን ተጥያለሁ ይላሉ። እኛ ካህናትም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ አንዳንድ ጊዜ ኀጢአትሽ ነው ብለን እንቸኵላለን። ኢዮብን ኀጢአትህ ነው ያሉት ሦስቱ ወዳጆቹ በመጨረሻ የተነቀፉት ለምን እንደ ሆነ እንዘነጋለን።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያች እናት በድጋሚ መጣች። የዚያን ቀን አልሰበክሁም፤ መጽሐፈ ኢዮብን አወጣሁና ከምዕራፍ 23 አነበብሁላት። ኢዮብ ወደ ፊት ሄዶ እግዚአብሔርን እንዳላገኘው፣ ወደ ኋላም ተመልሶ እንዳላስተዋለው፣ በግራ ሲሠራ እንዳላየው፣ በቀኝም እንደ ተሰወረበት የሚናገርበት ስፍራ ነው። ቀጥሎም እርሱ ግን መንገዴን ያውቃል የሚለው አለ። «ኢዮብ ነው እንዲህ ያለው?» አለችኝ። አዎን፤ ጻድቁ ኢዮብ ነው አልኋት። «ቤተ ክርስቲያንም ይህን ቃል ከመጽሐፉ አላወጣችውም?» አለችኝ። አላወጣችውም፤ ይኸው ታነበዋለች አልኋት። አንገቷን ደፍታ ብዙ ጊዜ ቈየች። እኔ ለመከራከሪያ ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ በዚያች ቀን አንዲቱን ምዕራፍ ያህል አልጠቀመም።

የአባታችን የእንጦንስንም ነገር ነገርኋት። በመቃብር ቤት ውስጥ ብቻውን ሲጋደል አጋንንት እስኪሞት ድረስ ደበደቡት፤ በኋላም ብርሃን ወረደለት፤ ሕመሙም ተወው። ያን ጊዜ እንጦንስ ከመጀመሪያው ወዴት ነበርህ ብሎ ጠየቀ፤ የመጣለትም መልስ ተጋድሎውን ለማየት እየጠበቀ በዚያው ከእርሱ ጋራ እንደ ነበረ ነው። ይህን ታሪክ ታላቁ አትናቴዎስ በጻፈው ገድሉ ውስጥ እናገኘዋለን። እንጦንስ በተደበደበበት ሰዓት ያለውና በብርሃኑ ሰዓት ያለው አንድ ጌታ ነው፤ የተለወጠው የእንጦንስ መሰማት ብቻ ነው።

እርሷም ሰምታ ስትጨርስ፣ «እንጦንስ ግን በመጨረሻ ብርሃኑን አየ፤ እኔ አላየሁም» አለችኝ። ልጄ፣ አላየሽም አልኋት። ከዚህ የሚጨምር ነገር አልነበረኝም፤ ብጨምርም ሐሰት በሆነ ነበር። «ሠላሳ ዓመት የጠራሁት ምንም ሳይነካኝ ነው ማለት ነው?» አለችኝ። እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ ምንም መዳሰስ ማን እንዲያስጠራሽ ታስቢያለሽ? አልኋት። አልመለሰችልኝም። ተባርካ ሄደች።

የልጇ ሙት ዓመት በደረሰ ጊዜ ፍትሐቱን እኛው ደብር አደረስን። ከተፈጸመ በኋላ እንግዶቹን እየሸኘች ሳለ በደጁ አጠገብ አገኘኋትና ስለዚያ ነገር በቀስታ ጠየቅኋት። «አባቴ፤ እስካሁን አልዳሰሰኝም» አለችኝ፤ «ማልዶ መምጣቴን ግን አልተውሁም።» ዛሬም በየእሑዱ በሴቶች በኩል ባለው በር አጠገብ፣ ከምሰሶው ጥግ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ ታስቀድሳለች።